አባቴ የረሱት ትናንት

ታላቅ ወንድሜ አባታችንን ከቡሬ ይዟቸው የመጣ ዕለት ፍኖተ ሰላም ሲያካፋ ነው ያረፈደው። ከባጃጁ ደግፎ አወረዳቸው፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለና፣ «እዚህ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። አንችም ብቻሽን ነሽ» አለኝ። ብቻዬን መሆኔን እንደ ትርፍ ክፍል ነው የቆጠረው። ሚስቱ ከእንግዲህ አልችልም ብላው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

አባቴ ጠባቧን ቤቴን ዙሪያዋን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንዴት ዋላችሁ፤ ቤቱ የማን ነው?» አሉ።

«የልጅዎ ነው» አልኳቸው።

«እሰይ፤ እግዜር ይባርክላት» አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ያችን ቤት ያለ እሳቸው ምርቃት ነው ያቆምኳት።

ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነበር ከትምህርት አስቀርተው የዳሩኝ። ሰውየው ከእኛ መሬት ጋር የሚዋሰን የአንድ ባለጸጋ ገበሬ ልጅ ነው። ዱላው የጀመረው ሠርጉ ባለፈ በክረምቱ ነው። አንድ ቀን ግራ ጆሮዬን መታኝና ደም ፈሰሰኝ። እሱ ገበያ እስኪሄድ ጠብቄ በዚያ ጭቃ እየወደቅኩ እየተነሣሁ አባቴ ቤት ደረስኩ። አባቴ የግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ዱላቸውን በሩ ላይ አጋደሙት።

«ቤትሽ የሄድሽበት ነው። እኔ ፈት ልጅ የለኝም» አሉኝ።

«አባባ፣ ጆሮዬ እኮ አይሰማም።»

«እግርሽ አልተሰበረም። ተመለሽ።»

እናቴ ከቤት ውስጥ እየጮኸች ነበር። እንድትወጣ አልፈቀዱላትም።

አልተመለስኩም። አስፋልቱ ድረስ ወጣሁና በቆሎ የጫነ መኪና ለምኜ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። አረቄ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ አስጠጉኝ፤ ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸው ቤት እየታዘዝኩ ልብስ ስፌት ተማርኩ። እስከ ዛሬ ገበያው ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ግራ ጆሮዬ እንደ ተደፈነ ቀርቷል፤ ደንበኛ በግራዬ ቆሞ ሲያናግረኝ ዞር እላለሁ።

አባቴ እናቴን ወደ እኔ እንዳትመጣ ከለከሏት። ስትሞት የሚያረዳኝ ሰው እንኳ አልተላከም። ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ነው በርበሬ ሊሸጥ የመጣ ያገሬ ሰው፣ የማውቅ መስሎት፣ «እናትሽን ነፍስ ይማር» ያለኝ። መቀሱን አስቀመጥኩና የገበያው ሰው እያየኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ እኚህ አባት ቤቴ ሲመጡ አንድ ነገር ጠብቄ ነበር። ይቅርታ ማለቴ አይደለም፤ በእኛ አገር አባት ልጁን ይቅርታ አይልም። አንዲት ቃል ብቻ። «ያኔ ከፋሁብሽ» ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር።

ሐኪሙ የመርሳት ሕመም ነው፣ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም አለ። እውነትም ሌሊቱ የሳቸውን ትናንት አጥቦ ነው የሚያድረው። ጧት ሲነሡ ፊታቸው ላይ ቂም የለ፣ ሐሳብ የለ። ሰዎች አዲስ ቀን በአዲስ ልብ ጀምሩ ሲሉ እሰማለሁ፤ የምንመኘው ይህ ከሆነ አባቴ ደርሰውበት ነበር። እግራቸውን ሳጥባቸው፣ «አንች ልጅ የማን ነሽ? የባረከ ይባርክሽ፤ የወለደሽ ማኅፀን ይለምልም» ይሉኛል። ለልጃቸው የነፈጉትን ምርቃት ለማያውቋት ሴት ያንቆረቁሩታል። በአፌ አንቱ እያልኩ በሆዴ አንተ ያልኩበት ጧት ብዙ ነው።

አንድ ቀን፣ «ልጅ የለዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሴት ልጅ አለችኝ። ጥሩ ቤት ነው የሰጠኋት። ደህና ባል አላት፤ ወልዳ ከብዳ ትኖራለች» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ። እኔ አልወለድኩም። እሳቸው ግን የት እንዳለ የማላውቀው አንድ ደግ ቤት ውስጥ ልጆች አስታቅፈውኛል።

የነፍስ አባቴ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ያለፈ ክረምት ቤት አይሠራለትም» አሉኝ። «ትናንትን ተዪው። እሳቸውም ትተውታል።»

«አባ፣ እሳቸው ምን ቸገራቸው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ?» አልኩ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

መስከረም አልፎ ፀሐዩ በጠነከረበት አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ሰሌን አንጥፌ በርበሬ እቀነጥስ ነበር። አባቴ ሳልጠራቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ይቀነጥሱ ጀመር። ጣታቸው አልረሳም። በርበሬ ሲያመርቱ ነው የኖሩት። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ «አንድ ነገር ልንገርዎትና ይፍረዱኝ» አልኳቸው። አባቴ በአገራቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ነገር ሲሰሙ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ያኔም ዘንበል አደረጉ።

አንዲት ልጅ ነበረች ብዬ ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት አስቀርተው ዳሯት።

«ባልየው ይመታት ነበር?» አሉ።

«ጆሮዋ እስኪደማ።»

«ነውር ነው!» አሉ። ይኸው መጣ ብዬ ነበር።

«አባቷ ቤት ሸሸች። አባቷ በሩ ላይ ዱላ አጋድመው መለሷት።»

በእጃቸው የያዙትን በርበሬ አገላብጠው አዩት።

«ደግ አደረገ» አሉ።

«ደግ አደረገ?»

«ምን ያድርግ ታዲያ? የሰጠውን ልጅ መልሶ ከተቀበለ ሰው መሀል ምን ፊት አለው? ባልየውን በሽማግሌ ማስመከር ነው እንጂ። ልጅቱ ተመለሰች?»

«አልተመለሰችም። ከተማ ገባች። እናቷም ሳታያት ሞተች።»

«እህ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናቷን የገደለቻት እሷ ናታ! ምስኪን አባት።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ነጠላዬን እንኳ አልያዝኩም። አስፋልቱ ዳር ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት ሄጄ ቆምኩ። አንድ ባለጋሪ፣ «እትዬ፣ ወዴት?» አለኝ፤ ወዴትም አልኩት። በበርበሬ እጄ ዓይኔን ጠርጌው ኖሮ አላይ አለኝ። ስመለስ አባቴ ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ የቀነጠሱትን ለብቻው ከምረውታል። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንች ልጅ፣ ምን ያስለቅስሻል? በርበሬው ነው?»

«በርበሬው ነው» አልኳቸው።

«ውሃ አምጭና ታጠቢ፤ አይዞሽ» አሉኝ። ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር።

ያን ዕለት የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል። ሕመሙ ያችን የምጠብቃትን ቃል የቀማኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚቀማ ቃል አልነበረም። ሁሉን ቢያስታውሱ ኖሮ፣ ያ በር፣ ያ ዱላ፣ የእናቴ ጩኸት አንድም ሳይቀር ፊታቸው ቢቆም ኖሮ፣ የሚሉኝ ያንኑ ነበር። ደግ አደረግኩ።

በማግሥቱ ጧት እንደወትሮው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ «የእርስዎ» ነበር የምለው፤ አንድ ቀን ቃሉ ያባንናቸዋል ብዬ። ያን ጧት «የቤቱ ባለቤት ነኝ» አልኳቸውና አጥሚታቸውን ሰጠኋቸው። ይቅር አላልኳቸውም። መጠበቁን ነው የተውኩት። ከዚያ ወዲያ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ቤቴ አድሮ እንደሚነሣ አድርጌ ያዝኳቸው፤ ማታ አስተኛለሁ፣ ጧት እንደ አዲስ እቀበላለሁ። እንዲህ ሲሆን ሥራው ቀለለኝ። አንዳንዴ ስቀውም ያስቁኝ ነበር። በሳቅኩ ቁጥር ግን እናቴን የከዳኋት እየመሰለኝ አፌን እይዛለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነበር፤ አስከሬኑን ይዘን ወደ አገር ቤት ወረድን። የተባረርኩበትን ግቢ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። በሩ ቆርቆሮ ሆኗል። ወንድሜ ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፤ ለቀስተኛው ግን እኔን እያየ፣ «ጧሪ ቀባሪ ማለት እንዲህ ናት፤ እንዲህ ያለች ልጅ ይስጣችሁ» ይል ነበር። ለመመረቂያ ሲሆን ልጃቸው ሆንኩ።

ከእናቴ ጎን ነው የቀበሯቸው። እዚያም እንዳትለያቸው። የሳቸው አፈር ሲመለስ ዓይኔ ደረቅ ነበር፤ የሷን የተደረመሰ ድንጋይ ሳይ ግን ላዩ ላይ ተደፋሁና ሁለት ሴቶች ደግፈው አነሡኝ። አንደኛዋ የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ ታሪኩን ታውቃለች። በደህናው ጆሮዬ በኩል ጠጋ ብላ፣ «መቼም ይቅር ብለሻቸዋል አይደል?» አለችኝ።

«አልጠየቁኝም» አልኳት።

ሣልስቱን አልጠበቅኩም። ወንድሜ ሰው ምን ይላል ብሎ ተቆጣ። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ያልተሰፋ ልብስ ተከምሮ ይጠብቀኛል አልኩት፤ ቡሬ ድረስ በእግር ወጥቼ መኪና ያዝኩ።