በወንፊት ያለፈች ቃል

በመሥሪያ ቤቱ «ወንፊት» ይሏታል። አምስት የሶፍትዌር ፈታሾችን የምትመራ ሴት ናት፤ ፕሮግራመሮች «ይኸው ጨረስን» ያሉትን ሁሉ እሷና ቡድኗ ነካክተው፣ ጎርጉረው፣ ካልተበላሸ እስኪበላሽ ታግለው ካላዩት በቀር ከቤቱ አይወጣም። ስሙን ያወጣላት የፕሮግራመሮቹ አለቃ ነው። ሊያናድዳት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው።

ይህን ሙያ ያስተማራት የለም። የጀመረችው ፎርም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ ነው። አንድ ቀን የትውልድ ዘመኑ ገና የሚመጣው ዓመት የሆነ ሰው ስትመዘግብ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ተቀበለ። ለአለቃዋ ተናገረች። «አንቺ ገልብጪ» አላት። እየገለበጠች ስህተቱን በደብተር ጻፈች፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ደብተሩ ሲሞላ አንድ የማታውቀው ኃላፊ አንብቦ ወደ ፍተሻ ክፍል ወሰዳት። ይኸው አስራ አንድ ዓመቷ። ዲግሪ ደርድረው፣ «ሁሉም አልፏል» ብለው ፈርመው ምሳ የሚወጡትን ስታይ ዛሬም ደሟ ይፈላል፤ ቢፈላም አይፈረድባትም። ፊርማ ማለት «አይቻለሁ» ማለት ነው። ያላየውን አየሁ የሚል ውሸታም ነው፤ ማዕረጉ ቢረዝምም ያው ነው።

ባለፈው ወር የያዙት የመድኃኒት ቤት ሶፍትዌር ነበር። ታካሚው ማዘዣውን በመስኮት ያስገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን ያያል። መድኃኒቱ ሲዘጋጅ ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ቃል ይወጣል። ፕሮግራመሮቹ «ተጠናቋል» ብለው ነበር። ወንፊት «ይሄ ቃለ ጉባኤ ነው እንዴ? ሰው እንደሚናገረው ጻፉት» ብላ «አልቋል» አስባለችው። በአንድ ክሊኒክ ለሙከራ ተተከለ። ሐሙስ እሷ ከፈረመች ሰኞ በአርባ ክሊኒኮች ሊሰራጭ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ከሁለት መቶ አርባ ፍተሻ አንድ ሲቀር ሁሉም «አልፏል» ተብሎ መጣ። አንዱ «ወድቋል» ይላል። የጣሉት የቡድኑ አዲስ ሰው፣ እትዬ ናቸው። ሃያ ዓመት ስልክ ሲያነሱ ኖረው፣ የስልክ ክፍሉ ሲዘጋ ወንፊት ራሷ ለምና ወደ ቡድኗ ያመጣቻቸው ሴት ናቸው።

ወንፊት ላፕቶፗን ይዛ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ምን እንዲወጣ ነው የተጻፈው?»

«አልቋል።»

«ስክሪኑስ ምን አለ?»

«አልቋል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የወደቀው?»

«እኔ ነኛ የወደቅኩት። ጠብቄ ጠብቄ አልቋል ካለኝ መድኃኒቱ የለም ማለት ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤቴ።»

ከወዲያ ማዶ አንዱ ፈታሽ ሳቀ። ወንፊት ፊቷን አጠቆረች። «ሰው ይገባዋል፣ እትዬ» አለች። ይህን መልስ ፕሮግራመር ቢሰጣት ኖሮ ከክፍሉ ታስወጣው ነበር።

«ከገባውማ ሄደን እንየው» አሉ እትዬ፣ ሹራባቸውን እየደረቡ።

ክሊኒኩ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። መጠበቂያው ክፍል ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ «17 አልቋል» አለ። ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ቀና ብለው አነበቡ፣ የያዟትን የቁጥር ወረቀት አጣጠፉ፣ ተነሥተው ወደ በሩ አዘገሙ። በመስኮቱ በኩል ፋርማሲስቷ ከረጢት ይዛ «አስራ ሰባት... አስራ ሰባት የለም?» አለችና ከኋላዋ ካለው መደርደሪያ አስቀመጠችው። እዚያ ባለቤት ያጡ ሌሎች ስድስት ከረጢቶች ተደርድረዋል።

ወንፊት ደጃፉ ላይ ደረሰችባቸው።

«አባባ፣ መድኃኒትዎ ደርሷል እኮ።»

«አልቋል ይላል፣ ልጄ።»

«ያለቀው ሥራው ነው።»

«ሥራው ካለቀማ ምን ልሠራ እቀመጣለሁ?» ብለው ሳቁባት። «ትናንትም አልቋል ብሎ መልሶኛል። ይሄ ዕቃ ማለቅ እንጂ መምጣት የሚባል ነገር አያውቅም።»

የሙከራው ሪፖርት «ታካሚዎች መጠበቅ አይወዱም፤ ጥለው ይሄዳሉ» ይል ነበር። ይህን የጻፈው ሰው ከወንበሩ አልተነሣም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚጠብቁ ሽማግሌን ትዕግሥት የለሽ ብሎ ለመጻፍ ግን እጁ አልከበደውም። ወንፊትም አንብባ ገጹን ገልብጣዋለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ሽማግሌውን መስኮቱ ድረስ አድርሳ ስትመለስ እትዬ መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ከረጢቶች እየቆጠሩ ነበር።

ሐሙስ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«አልፈርምም» አለች፤ ምክንያቱንም ነገረችው።

«አንድ ቃል ነው እኮ። ከተሰራጨ በኋላ ይስተካከላል።»

«በአንድ ክሊኒክ ሰባት ሰው ነው። በአርባ አባዛው።»

የፕሮግራመሮቹ አለቃ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «እኛ ተጠናቋል ነበር ያልነው። አልቋል ይሁን ያለው ማነው?»

ክፍሉ ውስጥ መልሱን የማያውቅ አልነበረም። አስራ አንድ ዓመት የሰው ስህተት እየለቀመች ያቆመችው ስም በአንድ ጥያቄ ሊናድ ሆነ። «ቡድኑ ነው» ማለት ትችል ነበር፤ ብዙ አለቆች በዚህች ቃል ተከልለው ጡረታ ወጥተዋል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ስህተቱን ያገኙት ደግሞ እትዬ ናቸው።»

«ወንፊቱ ተቀዷል በይኛ» አላት የፕሮግራመሮቹ አለቃ።

«ተቀዶ ነበር። እትዬ ሰፉት።»

መጀመሪያ የሳቀው ሥራ አስኪያጁ ነው። ቃሉን እንድታስተካክል አንድ ሳምንት ሰጣት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት እትዬ የስድስቱን ታካሚዎች ስልክ ከፋርማሲስቷ ተቀብለው አንድ በአንድ ደወሉ፤ ድምፃቸው እንደ ስልክ ክፍሉ ዘመን ጠራ። አዲሱን ቃልም እሳቸው ሰጡ፦ «መድኃኒትዎ ተዘጋጅቷል፤ ወደ መስኮቱ ይምጡ»። ወንፊት የስህተቱን መዝገብ በእጇ ሞላች፤ «ስህተቱን ያስገባው» በሚለው መስመር ላይ «የቡድን መሪዋ» ብላ ጻፈች። ለቡድኑም ደንብ አወጣች፦ ተጠቃሚው የሚቀመጥበት ቦታ ግማሽ ቀን ያልተቀመጠ ፈታሽ አይፈርምም፤ መሪም ብትሆን።

በሳምንቱ ሁለቱ እዚያው አግዳሚ ላይ ዋሉ። ሠላሳ አንድ ሰው አነበበ፤ ሠላሳ አንዱም ወደ መስኮቱ ሄደ። ወንፊት ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ፈረመች።

«ጠመመ» አሉ እትዬ ወረቀቱን አዘንብለው እያዩ።

«ጉልበቴ ነው።»

«እሱንም ስህተት መዝገቡ ላይ ጻፊው» አሉና ሹራባቸውን ደረቡ።