ለዲዳዋ መኪና የቀዳሁት ጠበል

ጣልያን በገባ በአራተኛው ዓመት፣ ኮልፌ ዳር በነበረ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓይነት መኪና ነበር። አንደኛው ናፍታ የሚጠጣ ከባድ ካሚዮን ነው። ሁለተኛው በቤንዚን የሚሄድ ቀለል ያለ የጭነት መኪና ነው። ሦስተኛዋ ቤንዚንም ናፍታም የማትነካ፣ በባትሪ ብቻ የምትሄድ ትንሽ የዳቦ መኪና ነበረች። እሷን የምነዳውም የምጠብቀውም እኔ ነበርኩ።

የካሚዮኑና የቤንዚኑ መኪና ፋብሪካዎች በአገራቸው ተፎካካሪዎች ናቸው ይባል ነበር። እኛ ጋራዥ ውስጥ ፉክክሩን ነጂዎቹ ተረክበውታል። የናፍታው ነጂ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ፤ መኪናቸውን ጎሽ ይሉታል። የቤንዚኑ ነጂ የእኔ እኩያ ሆኖ አፉ የማያርፍ ነው። የእሱ ደግሞ ሚዳቋ ናት።

«ጋሼ፣ ጎሽዎ ዛሬ ስንት ሰዓት ይነሣ ይሆን?» ይላል ጠዋት ጠዋት። «ከሥሩ እሳት ካላነደዱለት ከመኝታው አይወርድም እኮ።»

«አንተ ዝም በል። ያንተዋ ሚዳቋ ዳገት ስታይ ውኃ ውኃ ትላለች። እኔ ጭነቴን አራግፌ ስመለስ አንተ መንገድ ዳር ክዳኗን ከፍተህ በባርኔጣህ ታራግብላታለህ።»

«የእኔዋ እንኳ ታማርራለች፣ ትናገራለች። የዚህ ዲዳ ናት» ብሎ ነገሩን ወደ እኔ ያዞረዋል። «ባለፈው አንዲት ሴትዮ ድምፅ ሳትሰማ አጠገቧ ስትደርስባት፣ ይቺን የሚገፋት ሰይጣን ነው ብላ አማተበች።»

ሴትዮዋ ማማተቧ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ላይ ትንሽ ደወል አስሬ ሰው ባየሁ ቁጥር እያቃጨልኩ መንዳት ጀመርኩ።

ስለ መኪኖቹ ሁለቱም የሚሉት ትክክል ነበር። ጎሹ ብዙ ይጭናል፣ ትንሽ ይጠጣል፣ ጠዋት ግን በብርዱ አይነሣም። ሚዳቋዋ ፈጣን ናት፤ ነገር ግን ትሞቃለች፣ ቤንዚኑም እየጠፋ ነበር። ስለ ሦስተኛዋ ያስረዳኝ ጣልያናዊው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሽበታም፣ አማርኛው የተሰባበረ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር። «የእነዚያ ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል» አለኝ አንድ ቀን። «አዲስ አበባ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ እዚህ ሲመጡ ይደክማሉ። የእኛዋ አትተነፍስም። ሮማ ላይ ያላት ጉልበት እዚህም አላት።» ማርሽ የላትም፤ ከቆመችበት ስትነሣ ሙሉ ኃይሏን በአንዴ ታወጣለች። ድካሟ ሌላ ነው። ግማሽ ክብደቷ ባትሪ ነው፤ ከወለሉ ሥር በእርሳስና በአሲድ የተሞሉ ቤቶች ተደርድረዋል። ማታ የተሞላው ኃይል በማግሥቱ ካለቀ መንገድ ላይ የሚጨመርላት ነገር የለም።

ዳቦውን የማደርሰው ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ወደሚኖሩበት ግቢ ነበር፤ ሰኞና ሐሙስ። የይለፍ ወረቀቱ የተጻፈው ለዳቦው መኪና ነጂ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። በእግሬ ብሄድ ኬላው አያሳልፈኝም። ታላቅ እህቴ እዚያ ግቢ ውስጥ ነበረች።

ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለጎረቤት ወደ አገር ቤት ሄደች ብያለሁ። እውነቱ ቢሰማ የቤቱ ባለቤት ያስወጣኛል፤ ጋራዥ ውስጥም ከማንም ጋር በአንድ ትሪ አልቀርብም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የሚፈራው በሽተኛው ብቻ ሳይሆን ዘመዱም ነበር። ስለዚህ ጠያቂ እንዳይበዛብኝ ከሰው ራቅሁ። ምሳዬን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ እበላለሁ፤ ከቤንዚኑ ነጂ ጋር አንድ ሲጋራ መቀባበል ብቻ አልተውኩም። እሑድ ወደ ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ደጁን ስሜ፣ ማንንም ሳላናግር እመለሳለሁ። በሳምንት ውስጥ ሳልጠነቀቅ የምናገረው ሰኞና ሐሙስ፣ ዳቦው ከሚራገፍበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ አጥሩን መሐል አድርገን ከእህቴ ጋር ብቻ ነው። ያም ዳቦው ተቆጥሮ እስኪያልቅ ነው።

በዚያ ክረምት መግቢያ ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ። በባሕር የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ቆመ። ባትሪው የሚጠጣው የተጣራ ውኃም ከሚቆሙት አንዱ ነበር፤ በትላልቅ ጠርሙስ ይመጣ የነበረው የመጨረሻው ተጋመሰ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ወደ ጦር ሜዳ ተጠራ። ሻንጣውን ይዞ በር ላይ እንደ ቆመ እንዲህ አለኝ፦ «ውኃው ሲያልቅ ንጹሕ ውኃ ፈልግ። የቧንቧ አይሆንም። የወንዝ አይሆንም። ምንም ያልነካው ውኃ ብቻ።»

ምንም ያልነካው ውኃ የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። ከቀራንዮ ቁልቁል አንዲት የጠበል ምንጭ ነበረች። ልብስ አይታጠብባትም፣ ከብት አይጠጣባትም፣ እህል የቀመሰ ሰው አይቀዳባትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ የበለጠ ንጹሕ ውኃ አላውቅም። ሳልበላ ሳልጠጣ፣ ገና ሳይነጋጋ ወርጄ በአዲስ ቅል ቀዳሁ። በነጭ ጨርቅ አጥልዬ በእያንዳንዱ የባትሪ ቤት ጨመርኩ። ክረምቱን በሙሉ እንዲሁ አደረግሁ፤ አንድም ቀን በልቼ አልቀዳሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጋዜጣ ላይ ስሠራ፣ ስለ ባትሪ እንድጽፍ ታዝዤ አንድ መሐንዲስ ጠየቅሁ። ከምድር የሚፈልቅ ውኃ የቱንም ያህል ቢጠራ ከድንጋዩ ያሟሟው ብረትና ጨው አለው፤ ያ ባትሪውን ከውስጥ ይበላዋል አለኝ። በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይሻል ነበር። እኔ ጠበል ልቀዳ በወረድኩባቸው ጠዋቶች ሁሉ ዝናቡ በራሴ ላይ ይወርድ ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ መኪናዋ መድከም ጀመረች። ማታ ሞልታ ታድርና ጠዋት ጎድላ አገኛታለሁ። የጋራዡ ሹም ይህን ሰማ። ጣልያኖቹ ባትሪዎቹን ለጦሩ ሬዲዮ ይፈልጓቸው ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ሚዳቋዋና ዲዳዋ እኩል ዳቦ ጭነው ዘነበወርቅ ደርሰው እንዲመለሱ አዘዘ። ዲዳዋ ሳትቆም ከተመለሰች ትቀጥላለች። ከቆመች ባትሪዎቿ ይወጣሉ፤ የዳቦውን ሥራ ሚዳቋዋ ትወስዳለች።

ሲሄዱ መንገዱ ቁልቁለት ይበዛዋል፤ ተከታትለን ደረስን። የቤንዚኑ ነጂ ዳቦውን አራግፎ ወዲያው ተመለሰ። እኔ ቆየሁ። እህቴ ነጠላዋን እጇ ላይ ጠቅልላ ከአጥሩ ወዲያ ቆማለች።

«ዛሬ ፊትህ ልክ አይደለም» አለችኝ።

«እትዬ፣ መኪናዋ ዳገቱን ካልወጣች ሁለተኛ አልመጣም።»

«ምን ነካት? ደኅና ነበረች እኮ።»

«እኔም አላውቅም። ክረምቱን በሙሉ ከቀራንዮ ጠበል እየቀዳሁ ነው ያጠጣኋት።»

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ለመኪናዋ?»

«ንጹሕ ውኃ ነው የሚያስፈልጋት ብለውኝ ነው።»

«እኔ እዚህ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አጭር ነበር። «ይሁን። እሷም ታማለች። በል ሂድ፣ ሰዎቹ እየጠሩህ ነው።»

 ጠበል ይዤላት መምጣት አንድም ቀን አልታሰበኝም ነበር።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ የመለኪያው ቀስት ወደ ታች መውረድ ጀመረ። መኪናዋ አልጮኸችም፣ አላጨሰችም፣ አልተንገጫገጨችም። እየቀነሰች፣ እየቀነሰች ሄዳ ቆመች። ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረግሁና ዝናብ እየመታኝ ጠበቅሁ። ከቀትር በኋላ ጋሼ በጎሹ መጡ። ይሳለቁብኛል ብዬ ነበር።

«ገመዱን እሰር» አሉ ብቻ። ከዚያ ጎማዋን በእግራቸው ነካ አድርገው፣ «መጥፎ መኪና አልነበረችም» አሉ።

በማግሥቱ ባትሪዎቹ ወጡ። የይለፍ ወረቀቱን ሹሙ ከእጄ ወስዶ ለቤንዚኑ ነጂ ሰጠው። ለእኔ ጎማ የማጠብ ሥራ ተሰጠኝ።

ሰኞ ጠዋት ዳቦው ሲጫን ወደ ሚዳቋዋ ሄድኩ። ነጂው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣበትን ብረት፣ ማኖቬላውን ይዟል።

«አንዲት ሴት አለች» አልኩት። «ጠረጴዛው አጠገብ ነጠላዋን እጇ ላይ ጠቅልላ የምትቆም። የቆመችው መኪናዋ ናት፣ ነጂዋ ደኅና ነው በላት።»

«ምንህ ናት?»

«የማውቃት ሰው ናት።»

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ጎማ እያጠብኩ ነበር። «ነገርኳት» አለኝ። «አንድ የሚያውቅሽ ሰው እንዲህ ይልሻል አልኳት። እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም አለችኝ። ዳቦዋን ይዛ ገባች።»

ብሩሹን አስቀመጥኩ። «እህቴ ናት» አልኩት።

ማኖቬላውን እንደ ያዘ ወደ እኔ ዞረ።  «የእናትህ ልጅ?»

«የእናቴም የአባቴም። ሌላ የለኝም።»

«ታዲያ ጠዋት እንዲህ አትለኝም ነበር?» አለና ማኖቬላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሐሙስ ምን ልበላት?»

«ወንድምሽ ይልሻል ብለህ ጀምር።»

ሐሙስ እንደዚያ ብሎ ጀመረ። ጣልያን እስኪወጣ ድረስ አንዲት መልእክት አላጓደለም። የእሷንም ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ስድቧን ጭምር ያመጣልኛል። ለማንም አልተናገረም፤ ከቤቴም ማንም አላስወጣኝም። ቀድሞ እኔና እሱ አንድ ሲጋራ እየተቀባበልን እናጨስ ነበር። ከዚያ ሰኞ በኋላ ለየብቻ ሁለት ሲጋራ ይለኩስና የእኔን ከጎማዎቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀምጦልኝ ይሄዳል።