ኤሊው ያሰጣው አንሶላ

ጭንቀት የማይወድ አንባቢ ካለ አስቀድሞ ይነገረው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም አይሞትም። ሊሞት የነበረ ሰው ግን አለ። ሊገድሉት የነበሩትም አሉ፤ አርባ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም በቅን ልቦና፣ ሁሉም ከሶፋቸው ሳይነሱ።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከሌላ ሰው፣ ከአንድ አየር ሞይ ነው። ጠላቂዎች በጀርባቸው አዝለውት ባሕር የሚገቡትን ሲሊንደር በንጹሕ አየር መሙላት ሥራው ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈው። ሱቁ ከጀልባ ጥገናው ጀርባ የተለጠፈች አንዲት ክፍል ናት፤ ከፊት አየር የሚጨምቀው ኮምፕሬሰርና ሲሊንደሮቹ የሚቀዘቅዙበት የውሃ በርሜል፣ ከኋላ ሚስቱ የተቀደደ የጠላቂ ልብስ የምትጠግንባት የስፌት መኪና። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በአየር መሳቢያው ቱቦ አፍ ላይ የታሰረችውን ቀይ ጨርቅ ቀና ብሎ ያያል። ነፋሱ የሞተሩን ጭስ ወደ ቱቦው እየገፋ መሆኑን ጨርቋ ካሳበቀች፣ ወረፋው እስከ መንገድ ቢደርስም ሞተር አይነሳም።

ባንኮኒ ፊት ሲቆም ከሱ የበለጠ ጨዋ አይገኝም። ዝገት የበላው ሲሊንደር ተሸክሞ የመጣን ደንበኛ፣ «ጌታዬ፣ ይቺ ዕቃ ብዙ አገልግላለች፤ ትረፍ» ይለዋል። ደንበኛውም ዕቃው ጡረታ እንደወጣ በዚያች ቃል ተረድቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ስልኩን ሲያነሳ ግን ያ ጨዋ ሰው ባንኮኒው ላይ ይቀራል።

በስልኩ ውስጥ የጠላቂዎች ግሩፕ አለ። አባላቱ አራት ሺህ ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ውሃ የነካቸው፣ ገላ መታጠብ ካልተቆጠረ፣ ሦስት መቶ ቢሆኑ ነው። የቀሩት መካሪዎች ናቸው። አንዱ ምስኪን ጆሮዬን አመመኝ ካለ፣ አንደኛው የኩላሊት ምርመራ ያዝለታል፤ ሌላው የአጎቱ ልጅ ባሕር ኃይል እንደነበረ ይመሰክራል፤ በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው መሆኑ ነው። አበው «ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለው ነበር። የግሩፑ ሊቃውንት ሁለቱን «ምከረው» ዘለው በቀጥታ ከመከራው ይጀምራሉ።

ከዚህ ሁሉ መካሪ መካከል ነገሩን በእርግጥ የሚያውቀው አየር ሞዩ ነበር። ክፋቱ፣ የሚያውቀውን ነገር ሲናገር ሰው ይደማል። ግሩፑ «ምላጭ» ሲል ሰየመው፤ እሱም ስድቡን እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ሰካው።

አንድ ቀን ፕሮፋይሉ ላይ የኤሊ ፎቶ የለጠፈ አንድ አዲስ አባል፣ መነጽሬ ውሃ ውስጥ ጉም እየያዘ አላሳይ አለኝ፣ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ። ምላጭ እንዲህ መለሰለት፦ «መጀመሪያ መታጠቢያ ገንዳህ ውስጥ ተለማመድ። ዓሣዎቹ ሥራ አላቸው፤ ባንተ ሲስቁ አይውሉም።» ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሳቀ። አየር ሞዩ ቁጥሩን ለሚስቱ እያሳየ አነበበላት። ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ «ስለ መነጽሩስ ምን አልከው?» አለችው። ስለ መነጽሩ ምንም አላለውም ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ዓርብ፣ ቀትር ላይ፣ ሚስቱ በአንድ የጠላቂ ልብስ ጉልበት ላይ የለጠፈችው ማጣበቂያ እስኪደርቅ ስልኳን ትነካካለች። «ያ ኤሊህ ኮምፕሬሰር ገዛ» አለችውና አሳየችው።

ፎቶው የቤት ሰገነት ላይ የተነሳ ነው። አዲስ ኮምፕሬሰር ያብረቀርቃል፤ ከአጠገቡ ሁለት ቢጫ ሲሊንደሮች እንደ ሙሽራና ሚዜ ቆመዋል። ኤሊው ከሥሩ፣ ከእንግዲህ አየሬን ራሴ እሞላለሁ ብሎ ጽፏል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ሞልቶ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሞክሮታል፤ ከውሃ ሲወጣ ብቻ ራሱን አሞት፣ አቅለሽልሾት ነበር። አሁን ሁለቱንም ሞልቷል፤ ነገ ጠዋት ከሴት ልጁ ጋር ይወርዳሉ። ለራስ ምታቱ ምን ትመክሩኛላችሁ ይላል።

አርባ ሦስት ሰው መክሮታል። ውሃ ጠጣ። የመነጽሩን ማሰሪያ አላላ። ትራስ ቀይር። አንዱ ራስ ምታቱ ከትዳር ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል። «ካፒቴን» የሚሉት፣ በመናፈሻ ኩሬ ላይ በእግር የምትዘወር ጀልባ ያከራይ የነበረ ሰው ደግሞ፣ ባሕር ሰውን እስኪለምደው ራስ ያሳምማል፣ ዝም ብለህ ውረድ ብሏል። ይህቺ ምክር ከሁሉም የበለጠ ላይክ አግኝታለች።

አየር ሞዩ ኮምፕሬሰሩን አላየም። ያየው ከኋላ ያለውን የልብስ ገመድ ነው። ገመዱ ላይ የተሰጣ አንሶላ እንደ ጀልባ ሸራ ተነፍቶ ወደ ግራ ተወጥሯል። የሞተሩ ጭስ ማውጫ በስተቀኝ ነው፤ አየር መሳቢያው ቱቦ በስተግራ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ። ነፋሱ ጭሱን እያፈሰ ቱቦው አፍ ውስጥ ያጎርሰዋል። ሁለቱ ቢጫ ሲሊንደሮች የተሞሉት በሞተር ጭስ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ የብስ ላይ ራስ የሚያሳምመው መጠን ጥልቀት ውስጥ ሰው ያስተኛል። እዚያ የተኛ ሰው ደግሞ አይቀሰቀስም። አንደኛው ሲሊንደር የልጅቷ ነው።

ስልኩን አውጥቶ ጽሑፉን ፈለገ፤ የለም። ኤሊውን ፈለገ፤ እሱም የለም።

«ብሎክ አድርጎሃል» አለች ሚስቱ።

ስልኳን ከእጇ ነጥቆ በአውራ ጣቱ መቀጥቀጥ ጀመረ። «አንተ ደንቆሮ፣ ልጅህን ልትገድል…» የሚለው ላይ ሲደርስ መልሳ ነጠቀችው።

«በኔ ስም ማንንም አትሰድብም።»

«ሰው ሊሞት ነው እኮ። አንቺን የጨነቀሽ ስድቡ ነው?»

«ስድቡን ሲያይ እኔንም ይዘጋኛል። ከዚያ በምን ልትነግረው ነው፣ በስፌት መኪናዬ?»

 እሷው በጨዋ ደንብ ጻፈች፦ የጭስ ማውጫው ለቱቦው የቀረበ ይመስላል፣ እባክዎ አንዴ ይዩት። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ መንጋው ደረሰ። ካፒቴኑ ዕቃው ከፋብሪካ ተፈትሾ እንደሚወጣ አስተማረ። ሌላው፣ «ሰው ሲያልፍለት ዓይኑ የሚቀላ አይጠፋም» አለ። ኤሊው ራሱ፣ የሸጠልኝ ሰው ሁሉንም አይቶታል፣ ስለ አሳብዎ አመሰግናለሁ ብሎ በሩን በትሕትና ዘጋው። ምን ያድርግ? በአራት ሺህ ሰው ፊት ያስመረቀውን ዕቃ በአራት ሺህ ሰው ፊት ሊያፈርሰው አይችልም። ሰው በአደባባይ ሲመከር የሚሰማው ምክሩን ሳይሆን አደባባዩን ነው።

አየር ሞዩ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ደንበኛ መጣ፤ ቆይተህ ተመለስ አለው። ሚስቱ መቀሷን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው።

«ይሄ ሰውዬ እዚህ ባንኮኒው ፊት ቢቆም ምን ትለው ነበር?»

«ጌታዬ እለዋለሁ። ከዚያ…»

«ከዚያ ስለ ወንድሜ ትነግረዋለህ።»

ስለ ወንድሟ ለማንም ነግሮ አያውቅም። ሥራውን በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ቀይዋ ጨርቅ ገና ባልነበረችበት ጊዜ፣ ቱቦውን አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ በቆመበት አጠገብ ጥሎ ሲሊንደር ሞላ። ያንን አየር ይዞ የወረደው የሚስቱ ወንድም ነው። ጓደኞቹ ጎትተው ጀልባ ላይ ሲያወጡት እያስመለሰው ነበር፤ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ድኗል። እስከ ዛሬ ድረስ ግን አየር ሞዩን ባየ ቁጥር ሆን ብሎ ይስላል። ቀይዋ ጨርቅ የታሰረችው በማግስቱ ነው። እንግዲህ በቀን አሥር ሰው በየስህተቱ ሲላጭ የሚውለው ሰው፣ ያችኑ ስህተት አንሶላ ሥር እንደ ደበቀ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «በውስጥ መስመር ጻፊለት። እኔ ልንገርሽ።»

«አንተ ልበለው፣ እርስዎ?»

«ፎቶው ኤሊ ነው። የኤሊን ዕድሜ ማን ያውቃል፤ እርስዎ በይው።»

እሱ ሲናገር እሷ ጻፈች፤ ስትጽፍም ልብስ እንደምትቆርጥ ቆረጠችለት። «ይሄን ማንም ሞኝ ያውቃል» ያለውን አወጣችው። «ነግሬዎት ነበር» ሲል፣ መቼ ነገርከው ብላ ያንንም ጣለችው። የተረፈው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ወር በፊት ስለ መነጽርዎ ሲጠይቁ የሰደብኩዎ ሰው ነኝ፤ በባለቤቴ ስልክ ነው የምጽፈው። ያን ዕለት አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ። ሥራዬ አየር መሙላት ነው። እኔም አንድ ጊዜ ቱቦዬን ጭስ በሚደርስበት ቦታ ትቼ የሚስቴን ወንድም ልገድለው ነበር። እሱም ራሴን አመመኝ ነው ያለው። ከኋላዎ የተሰጣው አንሶላ ነፋሱ ከጭስ ማውጫው ወደ ቱቦዎ ሲሄድ ያሳየኛል። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። የአየር መመርመሪያ ስላለኝ ከመውረድዎ በፊት ሁለቱንም ሲሊንደር ያምጡልኝና አብረን እንያቸው። ተሳስቼ ከተገኘሁ ለአራት ሺው ሰው ይንገሩብኝ።»

ከሥሩ የሱቁን አድራሻ ጽፋ ላከችው። ኤሊው መልእክቱን ማንበቡን ስልኩ ወዲያው አሳየ። መልስ ግን የለም። ሱቁ እስኪዘጋ አልመጣም። አየር ሞዩ ያን ቀን ሲሊንደር ሲሞላ ሁለት ጊዜ የግፊት መለኪያውን ማየት ረሳ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ ከሌላው ቀን ቀድሞ ከፈተ። ቀይዋን ጨርቅ አየ፤ ነፋሱ ደህና ነው። ሞተሩን ግን አላስነሳም፤ የሚመጣ መኪና ድምፅ እንዳያመልጠው ነው። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። በእያንዳንዷ ላይ ቢጫ ነገር ፈለገ። ሚስቱ ያው አንድ ክር አሥር ጊዜ መርፌ ውስጥ ለመክተት ትሞክራለች።

አንዲት መኪና ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ከሰው በፊት ያያቸው ሁለቱን ቢጫ ሲሊንደሮች ነው። ተሸክማቸው የወረደችው አንዲት ጠንካራ ወጣት ናት፤ ከኋላዋ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያለ ሽማግሌ ይከተላሉ።

«ምላጩ ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

ሚስቱ በመርፌዋ ጠቆመች። አየር ሞዩ «አንተ» ያላቸውንና ገንዳ የላካቸውን ሰው ሲያይ፣ አባቱ ቢኖሩ ከኚህ ሰው ያንሱ እንደነበር ሲያሰላ፣ እንደ በርበሬ ቀላ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ።

ብዙ አልተነጋገሩም። መመርመሪያዋን ከአንደኛው ሲሊንደር ጋር አገናኝቶ መክፈቻውን በጥቂቱ ከፈተ። መመርመሪያዋ እንደተቆነጠጠች ሕፃን ጮኸች። የተጻፈው ቁጥር ከሚፈቀደው ስምንት እጥፍ ነው። ሁለተኛውን አገናኘ፤ እሱም አስጮኻት። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። አየር ሞዩ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብሎ መሳቅ ጀመረ። ማስጠንቀቂያ ጮኸ ብሎ እሰይ ያለ ሰው በዚያ ሱቅ ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ሲሊንደሮቹን ወደ ውጭ አውጥቶ ሁለቱንም ከፈታቸው። መርዙ እያፏጨ ወጣ። አራቱም ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤ ያማረ ዜማ ነበር።

«ትናንት ሳነበው ተናድጄ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ፉጨቱ አልቆ ወደ ሱቁ ሲመለሱ። «ልዘጋው ስል ‹ተሳስቼ ሊሆን ይችላል› የምትለዋ ጋ ደረስኩ። በዚያ ግሩፕ ውስጥ ይቺን ቃል የጻፈ ሰው አይቼ አላውቅም። ይሄማ ሰው ቢሆን ነው ብዬ መጣሁ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ገንዳውንም ሞክሬዋለሁ። ጉልበቴ አልገባም አለኝ።»

ሚስቱ ሳቋን በስፌት ልብስ ሸፈነች። አየር ሞዩ የሲሚንቶውን ወለል አጠና።

ቀጥሎ የተናገረው ሁሉ በባንኮኒው አንደበቱ ነው። ዛሬ መውረድ የለም፤ ባሕሩ የትም አይሄድም። ስለ ባለፈው ሳምንቱ ራስ ምታት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ የተነፈሱትንም ይንገሩት። ሲሊንደሮቹ እሱ ጋ ይደሩ፤ ውስጣቸውን አይቶ ያጥባቸዋል። ሰኞ ደግሞ ረጅም ቱቦ ይዞ ሰገነቱ ላይ ይመጣል። ሚስቱ ከቁራጭ ጨርቆቿ መካከል ቀይ መርጣ ለልጅቷ ቆርጣ ሰጠቻት፤ አንሶላ ሁልጊዜ አይሰጣም።

ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «መነጽሬስ ታዲያ?»

አየር ሞዩ ነገራቸው። አዲስ መነጽር ከፋብሪካ ሲወጣ መስተዋቱ ላይ ስስ ቅባት ይኖረዋል፤ በጣት የጥርስ ሳሙና ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ፈትገው ያጥቡት። ከመውረድዎ በፊት ደግሞ አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ቀብተው ለቅለቅ ያድርጉት። አለቀ፤ ከስድቡ እምብዛም አይረዝምም።

መኪናዋ ስትሄድ ስልኩ ጮኸ። ግሩፑ ውስጥ ልጅቷ የመመርመሪያዋን ፎቶ ለጥፋለች፤ ካፒቴኑ ደግሞ ነገሩን ከመጀመሪያው ጠርጥሬው ነበር እያለ ነው። የአየር ሞዩ ጣት ፊደሎቹ ላይ ደረሰች።  ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ኮምፕሬሰሩን አስነሳ።

«ይኸው» አለች ሚስቱ ክሯን መርፌው ውስጥ እያስገባች፣ «ስለ መነጽሩ ምን እንዳልከው ገና ዛሬ ሰማሁ።»