ሽታውንም የጻፈው ሰው

በመምህርነት ሐረር ተመድቤ ከእናቴ ጋር አራት ዓመት የኖርኩበትን የጀጎል ቤት ስለቅ፣ አከራያችን የላኩት ሰውዬ ሊረከበኝ መጣ። ስሙን አልነገረኝም። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሽቶ የነከረውን መሐረብ ከአፍንጫው አያነሳም። ከአራት ዓመት በፊት ቤቱን ስንከራይ የተነሳውን ፎቶ ከስልኩ እያወጣ ከእያንዳንዱ ግድግዳ ጋር ያስተያያል። የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳድጓል። በዚያ ጥፍር ቀለሙን ይፍቅና የወጣውን አሽትቶ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል።

እናቴ ሁለት ወር ታማ የተኛችበት ቀይ መደብ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ስልኩን አስጠጋ። ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳው። ከዚያ በያዘው የርክክብ ቅጽ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «መደብ፦ የሽንት እድፍ፣ ሽታ» ብሎ ጻፈ።

«በሳሙናም በበረኪናም አጥቤዋለሁ» አልኩት።

«አልለቀቀም እኮ፣ እህቴ።»

«እናቴ ናት እዚህ ያረፈችው። እርስዎ እናት የለዎትም?»

መሐረቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ አወረደ።

«አለችኝ። ከጊደር መጋላ ገበያ ጀርባ፣ እሷም አልጋ ላይ ናት። በየጠዋቱ ሄጄ በር ላይ ቆሜ እጠይቃታለሁ። ወላሂ፣ ሽታውን አልችለውም፤ ከተኛች ወዲህ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም።»

ይህን ሲል ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። እንድፈርም እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ጣቱ እንዳይነካኝ በጫፉ ይዤ ፈረምኩ።