የአባቴ ብስክሌት ጭረቶች

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ባጃጅ ተራ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ሾፌር የተገመሰ ሎሚ አመድ ውስጥ እየነከረ የባጃጁን የፊት ብረት ሲያሽ አየሁ። ሎሚና አመድ ሲገናኙ የሚወጣው ሽታ ገና ሳይደርሰኝ ጥርሴ ጠረሰ። ሰውየው ብረቱን ወልውሎ ሲጨርስ «ይግቡ እንጂ፣ እናት» አለኝ፤ እኔ ግን ብረት ሲያበራ ማየት እንደማልወድ ለማያውቁት ሰው ማስረዳት ቢከብደኝ ነጠላዬን አጣፍቼ በእግሬ ወደ ቤቴ አዘገምኩ።

አባቴ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ የመድኃኒት ሣጥኑን ከኋላ አስሮ የከተማውን ዳር ዳር ገጠር የሚያዳርስ። ከአስመራ በጭነት መኪና ያስመጣት ብስክሌቱ አካሏ በሙሉ ክሮም ስለነበረ ከሩቅ ታንጸባርቅ ነበር፤ በሽተኞቹ ብልጭታዋን አይተው በር ላይ ሲወጡ፣ ልጆቻቸው ደግሞ «መርፌው መጣ!» እያሉ ጓሮ ለጓሮ ይበታተኑ ነበር። ከመቀመጫው ወደ መሪው የሚሄደው ብረት ላይ ግን፣ ወደ መሪው ጠጋ ብሎ፣ ድመት የቧጨረችው የሚመስል ቀጫጭን ጭረት ነበረባት። የሣጥኑ ማሰሪያ ያወጣው ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ለዘመቻ ተጠራና ሄደ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መርዶው መጣ፤ አስከሬኑ ግን አልመጣም።

ባገራችን አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው ለቅሶ ሲወጣለት ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ የሚቀመጥባት በቅሎ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣሉ። አባቴ ጠመንጃም በቅሎም አልነበረውም። ታላቅ ወንድሙ አያ ደሴ ከጉና ወርደው ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩና ብስክሌቷ ትውጣ አሉ፤ እድሜ ልካቸውን «ገብስ የማይበላ ከብት አይታመንም» እያሉ ሲያፌዙባት የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ እኔ ዞረው «በይ ልጄ፣ የወንድሜን በቅሎ አሳምሪያት፤ ዘመድ ሁሉ ያያታል» አሉኝ።

ሦስት ቀን ሠራሁ። ዝገቱ በሎሚና በአመድ፣ ደግሞ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ሲታሽ ለቀቀ፤ ጭረቱ ግን አልለቅም አለ። አባቴ በለቅሶው ሜዳ ላይ በተቧጨረ ነገር እንዲታይ አልፈለግሁም። ከጎረቤታችን አናጢ ብርጭቆ ወረቀት ለምኜ ፋቅሁት፤ ጭረቱም ጠፋ፣ ዙሪያውም ፈዞ አመድ መሰለ። ስደነግጥ ደግሞ የቆርቆሮ በር የሚቀባበትን ብርማ ቀለም አምጥቼ ከላይ ደረብኩበት። የጳጉሜ ጭጋግ ቀለም አያደርቅም፤ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

በለቅሶው ቀን አያ ደሴ የአባቴን ካፖርት መቀመጫዋ ላይ ጣል አድርገው፣ ብስክሌቷን እንደ በቅሎ በመሪዋ ይዘው ሜዳውን አዞሯት። አልቃሿም ተቀበለች፦

«ድውይ ፈዋሹ፣ መድኃኒት አዳይ፣
ፈረስህ ተጭኗል፣ አትነሳም ወይ?»

ሕዝቡ አነባ። እናቴ በሴቶች ተደግፋ መጣችና ካፖርቱን አልፋ እጇን በቀጥታ ወደዚያ ብረት ሰደደች። ዳበሰች፤ ደግማ ዳበሰች። መዳፏን ብታነሳው ብርማ ቀለም ተለቅልቋል።

«ቀለበቴ የጫረው የታለ?» አለች። «ማነው የፋቀው?»

ሴቶቹ ኀዘን አዞራት ብለው አቅፈው ሊወስዷት ሲታገሉ፣ አያ ደሴ አንዴ እኔን አዩኝ። ጣቶቼ ላይ ቀለም ነበረ።

«እኔ ነኝ ያስፋቅሁት» አሏት።

በኋላ እናቴ ለሴቶቹ ስትናገር ሰማሁ። አባቴ ሰው እንዳያያቸው ከከተማው ካለፉ በኋላ፣ በሐሙሲት መንገድ፣ እዚያ ብረት ላይ በጎን አስቀምጦ ያንሸራሽራት ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ብረቱን በፍርሃት ስትጨብጥ የጣቷ ቀለበት ይጭረዋል፣ እሱም እየሳቀ ጭረቱን ይቆጥርላታል። መቃብር የላት፣ ሐውልት የላት፤ ከባሏ የቀረቻት ያች ጭረት ነበረች።

አያ ደሴ ሊመለሱ ሲነሱ ልንገራት ብዬ በራችን ላይ ያዝኳቸው። «አንቺ ዝም በይ» አሉኝ። «እኔ ወደ ጉና እገባለሁ፤ አንቺ ግን ከሷ ጋር ነው የምታድሪው።»

ዝም አልኩ። ልጅ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ፤ ካደግሁም በኋላ ዝም አልኩ። አያ ደሴ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ቢልኩባት እናቴ ሦስቱንም ጊዜ «እግዜር ይቅር ይበላቸው፤ ደጄን ግን አይርገጡ» ብላ መለሰች። የወንድማቸውን ቤት ዳግመኛ ሳይረግጡ አርጅተው ሞቱ። ከቀብራቸው ስመለስ እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ቀበራችኋቸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሳልታረቃቸው ቀረሁ» አለችና አለቀሰች። «ደግ ሰው ነበሩ እኮ። ምን ነክቷቸው ነው እንዲያ ያደረጉኝ?»

ነጠላዬን አጥፌ አስቀመጥሁና ውኃ አቀበልኳት። በሁለተኛው ዓመት እሷም ተከተለች። አባቴን የወሰደው ጦርነት ነው፤ እሷንና አያ ደሴን ያለያየሁ ግን እኔ ነኝ፤ አሁን ልናገር ብል የሚቆጣኝ ሰው እንኳ የለኝም።