ሰዒድ ስንት ጊዜ ቃመ?

ከደሴ በወጣሁ ምሽት ባለቤቴን ዘይነባን «ኮምቦልቻ ለሥልጠና ነው» ብዬ ዋሸኋት። እሷም ሹራብ አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ አስቡት፣ ለሳዑዲዋ ጂዛን ሙቀት ሹራብ። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ የሱስ አማካሪ ነበርኩ። ደሞዙ አላኖር ቢለኝ በየመን አቋርጬ ሳዑዲ ገባሁ፣ ፈይፋ ተራራ ሥር ያዙኝ።

የእስር ቤቱ ሱዳናዊ ሐኪም ዐረብኛ እንደምጽፍ ሲያውቅ፣ «ያላ፣ ጋት ይዘው የተገኙትን አንተ መርምርልኝ» አለኝ። ጋት የሚሉት የኛኑ ጫት ነው። ሱሰኛ ተብሎ የተጻፈበት ፍርድ ቤት ይጠብቃል፣ ያልሆነው ባገኘው አውሮፕላን አገሩ ይገባል።

ሰዒድ የወረባቦ ሰው ነው፣ ፈይፋ ላይ ለከፊሉ፣ ማለትም ለአሠሪው፣ የቡና እርከን ሲክብ የኖረ። ሲያዝ ኪሱ ውስጥ እፍኝ ቅጠል ተገኘበት። እናቱ ታመውበታል፤ አገሬ ልግባ ብሎ አላስተኛ ብሎናል።

«ትቅማለህ?» አልኩት።

«እንዴታ ዶክተር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሐሙስ አምልጦኝ አያውቅም።»

ዶክተር አይደለሁም ብዬው ደክሞኛል። አጠገቤ ያለው ፖሊስ ተርጉም አለኝ፣ ተረጎምኩ።

«ሃያ ዓመት? ሱሰኛ ነው። ኸላስ፣ ጻፍና ሌላ አስገባ።»

«ያ አኺ፣ ሱሰኛ ተብሎ ዝም ብሎ አይጻፍም። ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ ሲቀርበትስ ምን ይሆናል ተብሎ ይጠየቃል።»

«ልጅህን ልትድርለት ነው እንዴ?»

ወደ ሰዒድ ዞርኩ። «እዚህ ከመጣህ ወዲህስ?»

«ሐሙስ ሐሙስ አልኩህ እኮ።»

ጸጉሬን መንጨት አማረኝ። ሰውየው በገዛ አፉ ራሱን ያስራል። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ በኛ በወሎ ጫቱ የሚቀርበው ከዱዓው ጋር ነው፣ ከሐሙስ ዱዓ መቅረት ደግሞ ነውር ነው። እኔ ስለ ሱስ ስጠይቀው እሱ ስለ ሃይማኖቱ ይመልሳል። የወሎ ልጅ ሆኜ እንደ ቅጹ ጠየቅኩት፣ ጥፋቱ የኔው ነው።

«ዱዓውን ተወው። ቅጠሉ ስንት ጊዜ ተገኘ?»

«ቅጠሉማ ከየት ይመጣል? እዚህ በቆየሁበት አራት ወር ሁለቴ ብቻ። ሌላውን በሻይ ነው ዱዓ የምናደርገው።»

«ስታጣውስ? እንቅልፍ?»

«ድንጋይ ስክብ ውዬ? እንደ ግንድ ነው የምተኛው።»

ጻፍኩ፦ «በአራት ወር ሁለት ጊዜ እንደቃመ ተናግሯል። ሲቀርበት የሚሰማው ችግር እንደሌለ ይገልጻል፤ እዚህ በቆየባቸው ቀናትም ምንም ምልክት አላየሁበትም። ሐሙስ ያለው የጸሎት ቀኑን ነው።» ሐኪሙ አንብቦ ፈረመ። ሰዒድ በሳምንቱ ተሳፈረ። ደስ አለኝ፣ ቅናትም አቃጠለኝ።

«የኔስ ስም ተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ላይ መቼ ይገባል?» አልኩት ሐኪሙን።

«አንተ ከሄድክ ማን ይጽፍልናል? ፋይልህን ለጊዜው አቆይተነዋል» አለኝ። እንደ ምስጋና ቆጥሮት ፈገግ ይላል።

ትናንት ሐኪሙ ስልኩን አውሶኝ ቤት ደወልኩ፤ ኮምቦልቻ አለመሆኔን ዘይነባ ካወቀች ቆይታለች።

«ሰዒድ የሚባል ሰው እናቱን ሊያሳክም መጥቶ ቤት ድረስ ጠየቀኝ። የባልሽ ጽሑፍ ነው ያወጣኝ አለ» አለች ዘይነባ። ስለኔ ፋይል ነገርኳት።

«ታዲያ ትንሽ አበላሽተህ አትጽፍም?»

በሩ ላይ ስድስት ሰው ተራውን ይጠብቃል። አበላሽቼ ብጽፍ እኔ አገሬ እገባለሁ፣ እነሱ እዚሁ ይቀራሉ። ይህን ለሚስት እንዴት ተብሎ ይነገራል?

«ሰማኸኝ?» አለችኝ።