ሦስቴ የተለካ ጎማ

እዚህ ዓረብ አገር፣ ሳጃና ሰፈር ያለው የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ያገራችን ሰው ነው። የጎማ ንፋስ መለኪያ ሲሰጠኝ፣ ከመክፈሌ በፊት በር ላይ በቆመችው መኪናችን ሞከርኩት። አንዱን ጎማ ሦስት ጊዜ ብለካው ሠላሳ፣ ሠላሳ አራት፣ ሃያ ሰባት አለኝ።

«የመሃሉን ውሰጂ እህቴ፤ ኢንሻላህ አይሳሳትም» ብሎ ሳቀ። ባሌም አብሮት ሳቀ። እሱ ጎማ የሚለካው በእርግጫ ነው፤ ባለፈው ሳምንት በእግሩ መታ አድርጎ «ደህና ነው» ያለው ጎማ ድልድይ ላይ ሲፈነዳ ልጄ ጭኔ ላይ ነበረች።

ደሜ ፈላ። «ዘግይቼ ብማርም ቁጥር አይጠፋኝም! ሌላ አምጣ!» አልኩት። አምስተኛው መለኪያ ሦስቴም ሠላሳ አንድ አለ፤ እሱን ገዛሁ። ባሌ «ያላ!» እያለ ጡሩምባ ቢነፋም፣ አራቱንም ጎማ ለክቼ ሳልጨርስ ልጄን መኪናው ውስጥ አላስገባኋትም።